ለወረቀቱ ወደ በረሃ የተመለሰው ሰው

ስሙኝማ። በመተማ በር ምን ምን እንደሚወጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ልቁጠርላችሁ። ሰሊጥ ይወጣል፤ በጆንያ ተሰፍቶ፣ በመኪና ተቆልሎ። ከብት ይወጣል፤ አቧራውን እያስነሳ። ዕጣን ይወጣል። ድሮማ ቡናው፣ ሰሙ፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ ሁሉ መውጫው ይኸው በር ነበር። እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ሰውም እንደ ከብት እየተነዳ ወጥቶበታል። ከወዲህ መተማ ዮሐንስ፣ ከወዲያ ጋላባት፤ መካከላቸው አንድ ቀጭን ወንዝና አንድ አጭር ድልድይ።

ይህን ሁሉ ጉምሩክ መዝኖታል፣ ነጋዴ ቆጥሮታል፣ ደላላ ተካፍሎታል። ማንም ሳይመዝነው ያለፈ አንድ ጭነት ግን አለ፤ ወረቀት። የዛሬው ወጌ ስለዚያ ወረቀት ነው። ባለቤቱ ይዞት ወጣ፣ በረሃ ላይ ጥሎት ሄደ፣ ነፍሱን ካተረፈ በኋላ ደግሞ ተመልሶ አነሳው። ይቺን “ተመልሶ አነሳው” የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እፈልጋታለሁ።

ሰውየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው፤ ጎንደሮች ያዕቆብ ያሉት። (ዓ.ም. ብዬ ካልጨመርሁበት በቀር በዚህ ትረካ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሒሳብ እንዳያጣላን።) ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑል ነው፤ ዙፋኑ ላይ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት፣ ቁስቋም ላይ እቴጌ ምንትዋብ። ያዕቆብ ፈንጣጣ የያዛቸውን የመኳንንት ልጆች አስታመመ፣ ፈረስ ጋልቦ፣ ተኩስ ተኩሶ በቤተ መንግሥት ተወደደ። ከሁሉ በላይ ግን ጻፈ። ኮከብ እየለካ ጻፈ፣ ወፍና ዓሣ እያሳለ ጻፈ፣ ቅጠል እየለቀመ ጻፈ።

ሹመትም ተሰጠው፤ የት መሰላችሁ? እዚሁ ቆላው ላይ! አገሩ ያኔ ራስ አል ፊል ይባላል፤ በዐረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው። ዛሬ መተማና አካባቢው የምንለው ምድር መሆኑ ነው። ሹመቱ በያዕቆብ ስም ይሁን እንጂ አገሩን የሚያስተዳድርለት ያሲን የሚባል ሙስሊም ሹም ነበር።

በ1771 ማለቂያ ላይ ያዕቆብ ጎንደርን ተሰናብቶ ቁልቁል ወደ ቆላ ወረደ። በ1772 መጀመሪያ ራስ አል ፊል ገባና እስከ መጋቢት ቆየ። እዚያ ሳለ ሆዱን ያዘው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። መንገደኛን በቆላ የሚጥለው ከአንበሳ ይልቅ ይኸው ሕመም ነው። ያን ጊዜ የአገሬው ሰው የሚያውቀውን አቀረበለት። ዋጊኖስ የምንለው ተክል አለ፤ ሥሩን ልጠው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው ሰጡት። ዳነ። ሲድን ምን አደረገ? ጻፈዋ! ቅጠሉን፣ ልጡን፣ አወሳሰዱን፣ የበቀለበትን ስፍራ ጻፈ። ሥዕሉም በኋላ በመጽሐፉ ወጣ።

እስቲ ያ አንድ ገጽ የሄደበትን መንገድ ተከተሉልኝ። በ1779 የአውሮፓ ተክል አዋቂዎች ዋጊኖስን ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ ብለው በመዝገብ ስም አወጡለት፤ “ተቅማጥ ገቺው የብሩስ ተክል” እንደ ማለት ነው። እዩት እንግዲህ፤ ተክሉ የተጠራው በታመመው ሰው ስም ነው፣ ባዳኑት ሰዎች ስም አይደለም። ለምን ቢባል፣ የጻፈው የታመመው ነዋ! ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1973 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን ከዚሁ ተክል ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር ማውጣቱን አስታወቀ፤ በደም ካንሰር ላይ ተስፋ ተጣለበት። ከዚያ በሰው ላይ ተሞከረና እንደታሰበው ሳይሆን ቀረ። ተስፋው ባይሰምርም መንገዱን ልብ በሉ፤ ከቆላ ጎጆ ወደ ማስታወሻ፣ ከማስታወሻ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ላቦራቶሪ።

ወደ መንገደኛችን እንመለስ። ያዕቆብ ከራስ አል ፊል ወጥቶ ሱዳን ውስጥ ሰናር ገባ፤ ከሰናር በጭንቅ አምልጦ በኅዳር 1772 የኑብያን በረሃ ተያያዘው። በረሃው በረሃ እንዳይመስላችሁ! ነፋሱ ሳንባ ያቃጥላል፣ ውኃው ያልቃል፣ አሸዋው ጫማ ይበላል። ግብፅ ውስጥ ወዳለችው አስዋን ሊደርስ ሲል ግመሎቹ አንድ ባንድ ወደቁ። ሰው ከእንግዲህ ራሱን እንጂ ጓዙን መሸከም አልቻለም። ታዲያ የኮከብ መለኪያውን፣ መነጽሩን፣ ወረቀቱን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ፣ ባበጠና በቆሰለ እግሩ እየተንፏቀቀ አስዋን ገባ።

እኔ ብሆን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ውኃዬን ጠጥቼ “ነፍስ ካለ ሁሉም ይገኛል” ብዬ እተኛ ነበር። ሰውየው ግን ከአስዋኑ ሹም ግመል ለምኖ፣ ያ ሊገድለው የነበረ በረሃ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ጓዙን እንደጣለው አገኘው። ጫነው፤ ይዞት ወጣ። ወርቅ አልነበረም። ወረቀትና መሣሪያ ነበር።

አሁን ደግሞ ወረቀት በጌታው ላይ ሲመሰክር ስሙ።

ያዕቆብ አገሩ ገብቶ ያየውን ቢያወራ ማን ይመነው? ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ቢላቸው የለንደን ሰዎች ሳቁበት፤ ጎንደርን በካርታ እንኳ ያላየ ሁሉ ውሸታም አለው። ሰውየው ተቀይሞ ብዙ ዓመት ዝም አለ፤ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። በረሃ ያልገደለውን ደረጃ ገደለው።

ወረቀቶቹ ግን ተረፉ። አሌክሳንደር መሪ የሚባል የእረኛ ልጅ፣ ግዕዝና አማርኛን በራሱ ጥረት ያጠና ወጣት፣ የብሩስ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም እንዲያዘጋጅ ተጠራና ሳጥኖቹን ከፈተ። እትሙ በ1805 ወጣ፤ መሪም በኋላ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ሆነ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው ለያዕቆብ ይመሰክራል፤ ሰውየው አየሁ ያለውን አብዛኛውን በእርግጥ አይቶታል፣ ማስታወሻው አለ። ሁለተኛው ይመሰክርበታል። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ቀጥሮ አምጥቶ ነበር፤ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። በመጽሐፉ ግን ብሩስ ሠዓሊው ከግሽ ዓባይ ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ፣ ሥዕሉንም የራሱ እጅ ሥራ አድርጎ ተረከ። ሳጥኑ ሲከፈት የባሉጋኒ የገዛ እጁ የጉዞ ማስታወሻ ብቅ አለ! ሟቹ ከባልንጀራው ጋር እስከ ዓባይ ምንጭ ድረስ ሄዶ ነበር።

በ1991 ደግሞ ፖል ኸልተን፣ ናይጄል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት፣ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል የተቀመጡትን የተክል ሥዕሎች መርምረው በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ አወጡ። ጎንደር ላይ የተቀበረ ሠዓሊ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሥራው ተመለሰለት። ፍርዱን የሰጠው ዳኛ አይደለም፤ ያልተጣለ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ከበረሃ ያነሳው ደግሞ ራሱ የተፈረደበት ሰው መሆኑን አትርሱ።

ብሩስ ይዟቸው ከወጣው መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ አውሮፓ ካጣው ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንዱ ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ተሰጠ፤ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በገባው ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።

ወረቀት ማስመለስ የፈረንጅ ሙያ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የዚህች ከተማ ስም ራሱ ሌላ ይመሰክራል። መተማ ዮሐንስ የተባለችው መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ እዚህ በወደቁት በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ስም ነው። እኒህ ንጉሥ ከመሞታቸው አሥራ ሰባት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1872፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ምን ፈልገው? ጠመንጃ እንዳትሉ፤ በዚያ ደብዳቤ የጠየቁት የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ የወሰደውን ክብረ ነገሥትና የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ነው። ሥዕሉ አልመጣም፤ ክብረ ነገሥቱ ግን ከብሪቲሽ ሙዚየም ወጥቶ ተመለሰ። መጽሐፍ ያስመለሰ ንጉሥ ነው እንግዲህ የዚህች ከተማ ባለ ስም።

የገዳዮቻቸው የድርቡሾቹ ደብዳቤዎችም አልጠፉም። የማህዲያው መንግሥት ከወደቀ በኋላ ወረቀቱ ካርቱም ተሰብስቦ፣ በ1950ዎቹ ፒተር ሆልት የተባለ የታሪክ ምሁር መልክ አስያዘው፤ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም ተጠቀመበት። ስለዚህ ያን ጦርነት ዛሬ ከሁለቱም ወገን መስማት ይቻላል።

ነገር ግን ወረቀት ሁልጊዜ አይተርፍም። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። በማግሥቱ ወር፣ በግንቦት፣ ኦምዱርማን ላይ አንድ ቤት ተቃጠለ፤ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል። መሐመድ ዑመር በሺር በ1992 የሞቱ የሱዳን ታሪክ ምሁር ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲው መሥራችም እሳቸው ናቸው። በስማቸው የተሰበሰበው መጽሐፍና ሰነድ ጢስ ሆነ። በነዚያው ወራት በጋላባት ድልድይ ሰው እንደ ጎርፍ ወደ መተማ ይገባ ነበር፤ በአንድ እጁ ፌስታል፣ በሌላው ስልክ። ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተተከለ። ከገባው ሰው መካከል መምህር አልነበረም ትላላችሁ? ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ተመራማሪ አልነበረም? ነፍስ ጭንቅ ስትይዝ ማን የማስታወሻ ደብተር ይጭናል! ልጅ ይያዛል፣ ውኃ ይያዛል። ወረቀት መጠበቅ ያለበት ሰላም ሳለ ነው፤ ሲጨስማ ማንም አይደርስለትም።

አሁን ከወንዙ ወዲህ እንምጣ። እኛስ? የእኛ ተመራማሪ ምን ጻፈ፣ የጻፈውስ የት ገባ?

ጻፈ እንጂ! ዶክተር አክሊሉ ለማን ታውቋቸዋላችሁ። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ፤ ከታች በኩል የቢልሃርዝያ አስተላላፊው ቀንድ አውጣ ሞቶ ተንሳፏል። ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል! እሳቸው ቆም ብለው ለምን አሉ። በ1966 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ። የታላላቆቹ ስም በሕንፃ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ጥያቄዬ ግን ስለ ሌሎቹ ነው፤ ሕንፃ ያልተሰየመላቸው፣ በቆላ ሲመላለሱ እርጅና ስለደረሰባቸው።

ይህ ቆላ እኮ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው! ክረምት ሲመጣ ከደጋ በሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። ሌሊት ሜዳ ላይ ይተኛል። ዋልካው መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ኢምንት ነፍሳት ከዚያ ስንጥቅና ከግራሩ ሥር እየወጣች ትነድፈዋለች፤ ካላ አዛርን ትሰጠዋለች። ትኩሳቱ አይለቅ፣ ጣፊያው ያብጥ፣ ሰውነቱ ይመንምን። ቆላውን የለመደው ሠራተኛ ሲያመልጥ አዲስ መጪው ይወድቃል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በሽታ ላይ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስንት መምህርና ስንት ጤና መኮንን በዚህ መንገድ ወረደ፣ ስንት ደብተር ሞላ!

አንዱን ደብተር ቀረብ አድርገን እንየው፤ የዕጣኑን ዛፍ።

ዋልያ መቀር ይለዋል የመተማ ሰው። በሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። “ፓፒሪፌራ” ምን ማለት መሰላችሁ? “ወረቀት ተሸካሚ”! አታምኑ እንደሆነ ሄዳችሁ ግንዱን ንኩት። ልጡ ስስ ሆኖ፣ እየተጠቀለለ፣ ገጽ በገጽ ይላጣል፤ ወደ ፀሐይ ብታነሱት ብርሃን ያሳልፋል። ዕጣን አድሚው ሚንጋፍ በሚሉት ስለት ልጡን በስሱ ይልጠዋል። ነጭ ወተት ጠብ ይላል፤ ሲደርቅ ዕጣን ይሆናል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይለቅመዋል፣ ቁስሉን ያድሰዋል፤ እንዲህ እያለ በጋውን ይጨርሳል።

ዛፉ ውስጡም ደብተር ነው። ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቁጥር ግንዱ ውስጥ ቀለበት ይጽፋል፤ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀለበት። ተመራማሪዎች የመተማን ዛፍ ቀለበት ቆጥረው በ2013 ያሳተሙት ጥናት መራራ ነገር ነገረን፤ ላለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ችግኙ አድጎ ዛፍ መሆን አቅቶታል። እሳቱ፣ ከብቱ፣ እርሻው፣ ያለ ዕረፍት ማድማቱ ተደራረበበት። በ2019 የወጣ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩት የዕጣን ጫካዎች ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወጣት ዛፍ እንደሌላቸው፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተነበየ።

ይህ የታተመው ነው፤ ያልታተመውስ? እንዲህ ዓይነት ጥናት ሲደረግ ጫካው በክልል ይከፈላል፣ ዛፉ ሁሉ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ይመታበታል። በደብተሩ ላይ የዛፉ ቁጥር፣ ውፍረቱ፣ ስንት ቦታ እንደደማ፣ ዳር ላይ ደግሞ በእርሳስ “እሳት ነክቶታል”፣ “ከብት ቀንጥቦታል” ተብሎ ይጻፋል። መጽሔት ላይ የሚወጣው አማካዩ ነው፤ የዛፍ ቁጥር 47 ታሪክ የሚቀረው በደብተሩ ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ አንዲት የጎንደር ተማሪ “ያ ጫካ ምን ሆነ?” ብላ ብትወርድ፣ ደብተሩ ካለ 47ን ፈልጋ ታገኘዋለች፣ ትለካዋለች፣ ታወዳድራለች። ደብተሩ ከሌለ በግንድ ላይ የተመታ የዛገ ቆርቆሮ ታያለች። ከዚያ በቀር ምንም!

ደብተሩስ የት ይሄዳል? ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ጡረታ ይወጣሉ፤ ቢሮው ለሌላ ይፈለጋል፤ ካርቶኑ ኮሪደር ይወጣል፣ ከኮሪደር ዕቃ ግምጃ ቤት ይወርዳል። ቤት የገባው ደግሞ አልጋ ሥር ይሆናል። መምህሩ ያርፋሉ፤ ከአርባው በኋላ ቤቱ ሲጠረግ ወረቀቱ በኪሎ ይሸጣል። ቆሎ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አይታችሁ አታውቁም? ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ? እኛ ቆሎውን ቆርጥመን እንጥለዋለን። አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ብለዋል። እውነት ነው፤ ወራሽ ካለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? “ሕንፃ የለንም፣ በጀት የለንም” እንዳትሉኝ፤ መላ ያላቸውን ልንገራችሁ። በ1973 በኦክስፎርድ ማርጋሬት ጋዊንግ የሚባሉ የሳይንስ ታሪክ ፕሮፌሰር የዘመኑን ሳይንቲስቶች ወረቀት የሚሰበስብ አንድ ትንሽ ማዕከል አቋቋሙ። ማዕከሉ መጋዘን አልነበረውም። ሥራው የሳይንቲስቱ ወረቀት ወዳለበት ሄዶ መረከብ፣ መልክ ማስያዝ፣ ዝርዝሩን መጻፍ፣ ከዚያ ለሚያስቀምጠው ቤተ መጻሕፍት ማስረከብ ነበር። ሥራው በኋላ ወደ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ እስከ 2009 ዘለቀ። ጥቂት ሰው፣ እርሳስና ካርቶን፤ ሌላ ምን አለው?

እኛም ቤቱ አለን። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 ጀምሮ ስድስት ኪሎ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ከ1959 ጀምሮ የደረቀ ተክል ከነ ለቃሚው ስም፣ ከነ ቀኑና ስፍራው ያኖራል፤ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ አንዱ መሠረቱ እሱ ነው። ቅጠሏን እንዲህ መጠበቅ ካወቅንበት፣ ቅጠሏን የለቀመውን ሰው ደብተር መጠበቅ እንዴት ያቅተናል?

የመዝገብ ቤት ሰዎች ሕጋቸው ከባድ አይደለም። የአንድን ሰው ወረቀት ከሌላው አትደባልቁ። ባለቤቱ ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል “ላስተካክል” ብላችሁ አትበትኑ፤ የተዝረከረከ የመሰለው ሐሳቡ የሄደበት መንገድ ነው። የዛገውን ስፒል አውጡ፤ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔት አታድርጉ። ምልክት ካስፈለገ በእርሳስ ይሁን። ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ በተለይ በቆላ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበትና ምስጥ ሌሊቱን በማይተኛበት አገር፣ መሬት ላይ ያደረ ካርቶን እስከ ክረምት አይደርስም። የሕሙማን ስም ያለበት መዝገብ ተለይቶ ይዘጋ፤ ካላ አዛር ይዞት ጎንደር የተኛ ሰው ምሥጢሩን ለሐኪሙ እንጂ ለአንባቢ አልሰጠም። በስካነር ማንሳትም ደግ ነው፤ ግን አንድ ዲስክ ላይ ያለ ቅጂ የለም እንደማለት ይቆጠር፣ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ዝርዝሩ ይጻፍ። ዝርዝር የሌለው ሳጥን የተዘጋ አፍ ነው።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ የሚመጣው አንድ ሰው ተመልሶ ካነሳው ነው። ያዙልኝ ያልኋችሁን ቃል አሁን መልሱልኝ። ያዕቆብ ግመሉ ሞቶበት፣ እግሩ ቆስሎ፣ ሊገድለው ወደነበረው በረሃ ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ ባሉጋኒ ስም አልባ፣ ሰውየውም እስከ ዛሬ ውሸታም እንደተባለ ይቀር ነበር። እኛ የምንመለሰው ከሳሎን እስከ ጓዳ ነው። በረሃው ያ ብቻ ነው!

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ አባትሽ ወይም እናትህ፣ አጎትህ ወይም አስተማሪሽ በዩኒቨርሲቲ ያገለገሉ፣ በቆላ በደጋው የተንከራተቱ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ አልጋ ሥር ዝቅ በሉ። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀመጡና “ይቺ ምንድን ናት? ይቺስ የት አገር ናት?” እያላችሁ ጠይቁ። ከሌሉም ምንም ሳትበትኑ ካርቶኑ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተጻፈ፣ መቼ እንደተጻፈ። ከዚያ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም ለወመዘክር ደውሉ። ቆሎ መጠቅለያ ሌላ ወረቀት አይጠፋም።